መብራት ሲጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤት በምን ይሥራ? ኢንቨርተር፣ ጄኔሬተር ወይስ ሌላ? (ሀዋሳ)

ኮፒ_ሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ። የምጠይቀው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ስላለ አንድ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው። መብራት አንዴ ከጠፋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜም በሥራ ሰዓት ነው።

ያለው ዕቃ፦ አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የዋይፋይ ራውተር፣ ሁለት ባለ 9 ዋት አምፖል፣ አንድ ትንሽ ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር ፕሪንተር፣ አንድ ትልቅ ኤ3 ፎቶ ኮፒ ማሽን እና ላሚኔሽን። ጥረዛው በእጅ ስለሆነ መብራት አይፈልግም።

አንዱ ሻጭ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር) ከባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ጋር ውሰጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሁሉንም ያሠራልሻል አለኝ። ሌላው ደግሞ በእጅ የሚንጠለጠል ፓወር ስቴሽን የሚሉትን ሳጥን አሳየኝ፣ ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል። ሦስተኛው ምርጫ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው፤ ሱቁ ግን ጠባብ ነው፣ ግድግዳ የምንጋራው ደግሞ ካፌ ነው።

ዋጋ በብር አትጻፉልኝ፣ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። ማወቅ የምፈልገው የትኛው ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን ነው።

---

ዋት_ቆጣሪ

እህቴ፣ "ቀኑን ሙሉ ሁሉንም" ያለሽ ሰው ወይ ያለሽን ዕቃ አልጠየቀሽም፣ ወይ ሒሳቡን አልሠራም። እስቲ እንሥራው።

መጀመሪያ ዕቃሽን የሚያሞቅ እና የማያሞቅ ብለሽ ለሁለት ክፈይው። የማያሞቁት ቀላል ናቸው። ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ለጽሕፈት ሥራ 100 ዋት ገደማ ይወስዳል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 450 ተብሎ መጻፉ አያስደንግጥሽ፤ እሱ መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚበላው አይደለም። ላፕቶፕ ቻርጅ እያደረገ 50፣ ራውተር 10፣ ሁለቱ አምፖሎች 18። ድምሩ 178 ዋት።

የሚያሞቁት ሌዘር ፕሪንተሩ፣ ኮፒ ማሽኑና ላሚኔሽኑ ናቸው። ሌዘር የተባለ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቶነሩን (የዱቄት ቀለሙን) ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው አቅልጦ ነው፤ ለዚህ ፊውዘሩ፣ ማለትም የሚያሞቀው ክፍል፣ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሿ ፕሪንተር ሥራ ስትጠብቅ ጥቂት ዋት ብቻ ትወስድና፣ ፕሪንት ሲባል ለአፍታ ወደ 1000 ዋት ትዘላለች፣ ትወርዳለች፣ ደግማ ትዘላለች። የኤ3 ኮፒ ማሽኑን ጀርባ እዪው፤ ታርጋው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1300 እስከ 1500 ዋት ተጽፎ ታገኛለሽ። ላሚኔሽን እንደ መጠኑ ከ300 እስከ 500።

አሁን ወደ ባትሪው። 12 ቮልት ሲባዛ በ100 አምፒር-ሰዓት፣ 1200 ዋት-ሰዓት። ይህ ወረቀት ላይ ነው። የአሲድም ሆነ የጄል ባትሪ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 600 ብለሽ ያዢ። ኢንቨርተሩ ራሱ 15 በመቶ ያህሉን በሙቀት ያባክነዋል፣ ቀረ 510። ይህን ለ178 ስናካፍለው 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ግን ባትሪው ላይ የተጻፈው 100 የሚገኘው በ5 አምፒር ቀስ ብሎ በ20 ሰዓት ሲወጣ ነው። አንቺ በ17 አምፒር ታወጪዋለሽ፤ የአሲድ ባትሪ ደግሞ በፍጥነት ሲወሰድበት በጠቅላላ የሚሰጠውም ይቀንሳል። ስለዚህ 2 ሰዓት ተኩል፣ እሱም አዲስ ሳለ።

ይህ ሁሉ ኮፒ ማሽኑ ሳይነካ ነው። ከተነካ ባለ 1000 ዋቱ ኢንቨርተር ጮኾ ይዘጋል። ተለቅ ያለ ብትገዢም 1400 ዋት ከ12 ቮልት ለማውጣት ከ130 አምፒር በላይ ያስፈልጋል። አንድ ባትሪ ይህን ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይዘቅጥና ኢንቨርተሩ "ባትሪ አለቀ" ብሎ ያጠፋል፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ።

ሌላ አንድ ነገር፦ ኢንቨርተሩ "ፒዩር ሳይን" ካልሆነ አትግዢው። "ሞዲፋይድ" የሚባለው ርካሹ ዓይነት የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ ያለው የተሰበረ ሞገድ ነው። ላፕቶፕና አምፖል ይችሉታል። ሞተር ያለው ዕቃ ግን ያጉረመርማል፣ ይሞቃል፤ የሌዘር ፕሪንተር የፊውዘር መቆጣጠሪያም ትክክለኛ ሞገድ ስለሚጠብቅ ሊበላሽ ይችላል።

---

ቶነርና_ቀለም

ከላይ ያለው ሒሳብ ትክክል ነው። ግን የጠያቂዋ ችግር ከባትሪው በፊት ፕሪንተሩ ነው። ትልቅ ባትሪ ከመፈለግ ትንሽ የሚበላ ማተሚያ መያዝ ይቀላል።

የቀለም ታንክ ያላቸው ኢንክጄት ፕሪንተሮች፣ ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል3250 እና መሰሎቹ፣ ሲያትሙ የሚወስዱት ከ20 ዋት በታች ነው። ከአምፖሎችሽ ጋር እኩል ማለት ነው። ምክንያቱም ቶነር አያቀልጡም፣ ፈሳሽ ቀለም ይረጫሉ። ከላዩ ስካነር ስላለው የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ አንድ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ኮፒ ለሚፈልግ ሰው መብራት ጠፍቶም ታስተናግጂዋለሽ። በዚያ ላይ ከለር ነው።

አቅሙን ግን አታጋኚው። ጥቁር ጽሑፍ በደቂቃ 10 ገጽ ገደማ ያትማል፤ ትናንሾቹ ሌዘሮች ወደ 18 ይሄዳሉ። ባለ 100 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ይህ ይቻላል። መምህር የላከው የ60 ተማሪ ሃንድአውት ሲመጣ ግን አይሆንም፤ ለእሱ "ሲመጣ እንሠራዋለን" ማለት ነው።

ቀለሙ ለወትሮው ሥራም ያዋጣል። ለእነዚህ ሞዴሎች የሚሆነው 003 የሚባለው 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ 4500 ገጽ እንዲያትም የታሰበ ነው፤ 85ኤ የሚባለው የትንሽ ሌዘር ካርትሬጅ 1600 ገጽ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከገጹ 5 በመቶ ብቻ በጽሑፍ የተሸፈነ እንደሆነ ታስበው የወጡ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ ገጽ ሲሆን ሁለቱም ይቀንሳሉ።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሳይሠራ ሲቀመጥ አፍንጫው ላይ ቀለም ይደርቃል፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ አራቱም ከለር ያለበት ገጽ አትሚበት። ሁለተኛ፣ ማጽጃውን ደጋግሞ መጫን። እያንዳንዱ የማጽዳት ዙር ቀለም ወስዶ ከሥር ያለው ስፖንጅ ላይ ያፈሳል፣ ስፖንጁ ሲሞላ ፕሪንተሩ አልሠራም ይላል። ሁለት ጊዜ አጽድተሽ ካልተስተካከለ አጥፍተሽ ቢያንስ 12 ሰዓት ተይውና ደግመሽ ሞክሪ። ሦስተኛ፣ ሶኬቱን መንቀል። ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ አጥፊው፤ ያኔ ጭንቅላቱ ወደ ክዳኑ ተመልሶ ይዘጋል። መብራት በድንገት ሲሄድበት ጭንቅላቱ ክፍት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል። ለዚህም ነው ይህ ፕሪንተር ከሁሉ በፊት ኢንቨርተሩ ላይ መሰካት ያለበት።

የኢንክጄት ጽሑፍ ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል። ማኅተም የሚያርፍበት፣ ለዓመታት ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ከሆነ ደንበኛውን አስጠብቂና በሌዘር አውጪለት።

---

ቢጫ_ጀሪካን

ሁሉም ኢንቨርተር ኢንቨርተር ይላል። ኤ3 ኮፒ ማሽን ያለው ሰው፣ ሰኔ ላይ ሰልፍ እያለ ማሽኑን ጨርቅ አልብሶ መቀመጥ አለበት? ለኮፒ ማሽን መልሱ ጄኔሬተር ነው። ግን መጠኑን በካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አትምረጪ።

ካርቶኑ 2.5 ኪሎዋት ካለ እሱ ለአፍታ የሚሰጠው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል፣ 2.2 አካባቢ። ይህም በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፣ ስለዚህ አንድ አምስተኛው እዚህ ከመድረሱ በፊት ሄዷል። 2.2 የነበረው 1.76 ይሆናል። 1500 ዋት የሚል ኮፒ ማሽን ላይ ዴስክቶፕና አምፖል ሲጨመር ልኩ ላይ ነው፣ ትርፍ የለውም። 3 ኪሎዋት ሳያቋርጥ የሚሰጥ ፈልጊ። ከዚያ በላይም አያስፈልግም፤ ትልቅ ጄኔሬተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ቤንዚን ያባክናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል።

ኤቪአር ያለው መሆኑን አረጋግጪ፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ያም ሆኖ ፊውዘሩ በበራ ቁጥር ጄኔሬተሩ ትንሽ ያቃስታል፣ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። ዴስክቶፑን ከኮፒው ጋር ጄኔሬተሩ ላይ በቀጥታ አትሰኪው።

ዘይት፦ አዲስ ሲሆን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ ቀይሪ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ የዘይት መለኪያውን እዪ። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይነሣ ከሆነ የቤንዚን ቧንቧውን ዘግተሽ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ አሠሪው፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። "ጄኔሬተሬ ይነሣና ወዲያው ይጠፋል" የሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው።

---

ዋት_ቆጣሪ

@ቢጫ_ጀሪካን ሒሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ጥያቄውን ደግመህ አንብበው። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ግድግዳ የሚጋራው ካፌ ነው። ጭሱን የት ልታወጣው ነው? ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። በር ተከፍቷል ብሎ ሱቅ ውስጥ ማስነሣት ሰው መግደል ነው። በረንዳ ላይ ቢሆንም ጭሱ ወደ ሁለቱም በር ይመለሳል። ቤንዚኑስ? በጀሪካን መቅዳት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ ቢፈቀድም ወረቀት የሞላበት ሱቅ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

---

ቢጫ_ጀሪካን

ጀርባ ግቢ ካላት ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ አድርጋ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ወደ ውጭ አዙራ። ጀርባ ግቢ ከሌላት በዚህ እስማማለሁ፣ ይቅርባት።

---

ገመድ_ሳቢ

የሚገዛው ምንም ይሁን፣ ብዙ ሰው የሚቃጠልበት መግጠሙ ላይ ስለሆነ እሱን ልጻፍ።

ትልቁ ወንጀል ይህ ነው፦ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ ሠርቶ የኢንቨርተሩን ወይም የጄኔሬተሩን ኃይል ግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት። ዋናው ብሬከር ካልተዘጋ ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መስመሩ ይወጣል፣ በትራንስፎርመሩም ተመልሶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሆናል፤ መስመር ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ይጋጩና ኢንቨርተሩ ይነዳል። ጄኔሬተር ከሆነ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ፣ አንዱ ሲበራ ሌላው የግድ የሚዘጋበት። ለእህታችን ሱቅ ግን ከዚያ የሚቀል መንገድ አለ፤ ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ግዢና ከእሱ አንድ ማከፋፈያ ብቻ አውጪ። የግድግዳውን መስመር አትንኪው። መብራት ሲኖር ኃይሉ በውስጡ ያልፋል፣ ባትሪውም ይሞላል፤ ሲጠፋ በራሱ ይዞራል። ጥሩዎቹ በ20 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ስለሚዞሩ አብዛኛው ዴስክቶፕ ሳይጠፋ ያልፋል።

ማከፋፈያውን በቀይ ቴፕ ጠቅልዪና "ሌዘር፣ ኮፒ እና ላሚኔሽን አይሰካም" ብለሽ ጻፊበት። ተቀጥሮ የሚያግዝሽ ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚሰካው ላሚኔሽኑን ነው።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር ያለው ገመድ፦ 1000 ዋት በ12 ቮልት ከ100 አምፒር በላይ ይጎትታል። ባለ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ። ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ያያያዘ ሰው ካየሽ አስቁሚው፣ ይቀልጣል። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ 125 አምፒር ፊውዝ። ከኢንቨርተሩ ጋር የመጣውን ቀጭን ገመድ አትመኚው። ጫፎቹ በማሽን የተጨመቁ ይሁኑ፣ ብሎኑ ይጥበቅ። የላላ መጋጠሚያ ከኦም አንድ መቶኛ ብቻ ቢጨምር እንኳ በ100 አምፒር 100 ዋት ሙቀት እዚያችው ነጥብ ላይ ይፈጠራል። ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ከዚያ እሳት። ከተገጠመ ከአንድ ሳምንት በኋላ አጥፍተሽ ብሎኖቹን ደግመሽ አጥብቂ።

ባትሪ ስትገዢ፦

የመኪና ባትሪ አትግዢ። ውስጡ ያሉት ሳህኖች ስስና ብዙ ናቸው፤ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ አምፒር እንዲሰጡ ነው የተሠሩት። በየጊዜው ወደ ግማሽ ሲወርዱ ሳህኑ ይረግፋል፣ በወራት ውስጥ ያበቃል።

ቴስተር ይዘሽ ሂጂ። ያልተነካ ሙሉ ባትሪ ከ12.7 ቮልት ከፍ ይላል። 12.4 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሳይሞላ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሳህኑ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ጀምሮታል፣ ተይው። 12.1 አካባቢ ግማሽ ነው፣ ሥራ ላይም ከዚህ በታች አታውርጂው። ሚዛንም ይናገራል፦ እውነተኛ ባለ 100 የጄል ባትሪ 30 ኪሎ አካባቢ ነው። 20 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ያለው እርሳስ ባለ 100 አይደለም፣ ስቲከሩ ብቻ ነው ባለ 100።

የሚሞተው ግን በአብዛኛው በማውረድ ሳይሆን ባለመሙላት ነው። 50 አምፒር-ሰዓት ከወጣበት ባለ 10 አምፒር ቻርጀር ለመሙላት 6 ሰዓት ያህል፣ የመጨረሻው ክፍል ስለሚዘገይ 8 ሰዓት ያስፈልገዋል። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ዋናውን ብሬከር የሚያጠፋ ሰው ባትሪውን በረሃብ ነው የሚገድለው። የኢንቨርተሩ መስመር ማታም በርቶ ይደር፣ የሌላውን ዝጊ።

---

ኮፒ_ሀዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀርባ ግቢ የለም፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩ ወጣ። ሶኬት ላይ በሚሰካ የዋት መለኪያ ተለካ፦ ዴስክቶፑ ከነሞኒተሩ 85 ዋት ነው። የቀለም ታንክ ፕሪንተር ጨምሬ፣ ሌዘሩንና ኮፒውን መብራት ሲኖር ብቻ ለማሠራት አስቤያለሁ።

ሦስት ነገር ቀረኝ። ጄል ልግዛ ሊቲየም? ፓወር ስቴሽኑስ? ኮፒ ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ መብራት ሲሄድና ሲመለስ ምን ላድርግ?

---

አዳማ_ሙቀት

ስለ ባትሪው እኔ ልመልስ። እዚህ አዳማ ትልቁ ጉዳይ ሙቀት ነው፤ ሀዋሳ ትንሽ ትሻላለች፣ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ከተማ አይመርጥም። የአሲድና የጄል ባትሪ ዕድሜ የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ያጥራል። 5 ዓመት የተባለው ሁልጊዜ 35 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠ ወደ 2 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ጥቂት ጣት አርቀሽ፣ አየር በሚያገኝበት አስቀምጪው። ሣጥን ሠርተሽ አትዝጊበት፤ ሲሞላ ሃይድሮጂን ሊያወጣ ይችላል። የወረቀት ደርዘን ላዩ ላይ አትደርድሪ።

ሊቲየም ስትይ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን እንጂ ሌላውን አይደለም። ባለ 100ው 12.8 ቮልት፣ 1280 ዋት-ሰዓት ነው። 90 በመቶውን ያለ ጭንቀት ትጠቀሚበታለሽ። ኪሳራው ተቀንሶ 1000 ዋት-ሰዓት ይቀርሻል፤ ዴስክቶፕ 85፣ ላፕቶፕ 50፣ ራውተር 10፣ አምፖል 18፣ ፕሪንተር 15 ብትይ 178 ነው፣ 5 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ከአንድ ጄል ባትሪ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ጄል በግማሽ እየወረደ ጥቂት መቶ ዙር ሲሰጥ ይህኛው ከ2000 በላይ ይሰጣል። ክብደቱ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሪ አንድ ሊቲየም ከአንድ ጄል ጋር ሳይሆን ከሁለት ጄል ጋር አወዳድሪ። መብራት የሚጠፋው በወር አንዴ ከሆነ ጄል ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከሆነ ሊቲየሙ ያዋጣል፤ ለዚያውም ግማሽ ሞልቶ መቆየት አይጎዳውም፣ ጄል ግን በዚያ ይሞታል።

የሚያሳስተው ቻርጀሩ ነው። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ መኖሩን እዪ። ሊቲየሙ 14.2 እስከ 14.6 ቮልት ድረስ ይሞላል። ለውሃ ባትሪ የተሠራ ቻርጀር በየጊዜው "ማመጣጠኛ" ብሎ ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ ከሆነ የባትሪው መከላከያ ሰሌዳ ይቆርጠዋል፣ አንቺም ባትሪው ተበላሸ ትያለሽ። ያ ሰሌዳ ስንት አምፒር እንደሚያሳልፍም ጠይቂ። 50 ብቻ ከሆነ ከ500 ዋት በላይ አይሰጥሽም፣ ኢንቨርተሩ 1000 ቢልም።

---

ዋት_ቆጣሪ

ስለ ፓወር ስቴሽኑ። 500 ዋት የሚለው በአንድ ጊዜ ስንት ዋት መስጠት እንደሚችል ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይደለም። የማሰሮው አፍ እና የማሰሮው ሆድ ናቸው። መጠየቅ ያለብሽ ስንት ዋት-ሰዓት እንደሆነ ነው። ሻጩ በሚሊ አምፒር-ሰዓት ከመለሰልሽ ራስሽ አስይው፦ 80,000 ቢልሽ በ1000 አካፍለሽ በ3.7 አባዢ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚሰጠው በውስጥ ባሉት ትናንሽ ሴሎች ቮልቴጅ ነው። 296 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ኪሳራው ሲቀነስ የአንቺን 178 ዋት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አያደርሰውም።

ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሠርግ ፎቶ አንሺ፣ እየዞረ ለሚሠራ ሰው ይሆናል። አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሱቅ ግን አንድ ሴል ሲበላሽ ሳጥኑን በሙሉ ነው የምትጥዪው፤ ኢንቨርተርና ባትሪ ለየብቻ ሲሆኑ የተበላሸው ብቻ ይቀየራል።

---

ቶነርና_ቀለም

ኮፒ ማሽኑ እየሠራ መብራት ሲሄድ፦ ዋናውን ማብሪያ አጥፊ፣ ሶኬቱን ንቀዪ። ፊውዘሩ ገና እየጋለ ነው፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ ደግሞ ቆሟል። ወረቀት ውስጡ ከቀረ የጎን በሩን ከፍተሽ ሙቀቱ እንዲወጣ ጥቂት ደቂቃ ተይው። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ ሊሄድበት በነበረው አቅጣጫ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ወደ ኋላ ከተጎተተ ያልተጣበቀው ቶነር ሮለሩ ላይ ይራገፍና ቀጣዮቹን ገጾች ሁሉ ያጠቁራል። በምላጭ ወይም በመቀስ መጎርጎር የፊውዘሩን ፊልም ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ በየገጹ አንድ ዓይነት መስመር ይደጋገማል፣ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው።

ሲመለስ፦ መጀመሪያ የሚመጣው ኃይል የተረጋጋ አይደለም፣ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። 5 ደቂቃ ጠብቂ። ራሱ የሚጠብቅ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አዘግይቶ ይሰጣል፤ ይህን ለሌዘሩም ለኮፒውም አድርጊ። ስታቢላይዘር የምትጨምሪ ከሆነ ለ1500 ዋት ማሽን 3000 የሚል ያዢ፤ የርካሾቹ ስታቢላይዘሮች ቁጥር ግማሹን ብቻ ነው የሚታመነው። ሌዘርም ኮፒም ትንሿ ዩፒኤስ (ባትሪ ያላት መጠባበቂያ ሳጥን) ላይ አይሰካም፣ ፕሪንተር አምራቾቹ ራሳቸው ይከለክላሉ።

---

ኮፒ_ሀዋሳ

ግልጽ ነው። አንድ የመጨረሻ፦ ሱቁ ሲዘጋም ዋይፋዩ እንዲሠራ የራውተር ትንሽ ዩፒኤስ የሚሉትን አየሁ። እሱን ብጨምር ትርፍ ነው?

---

ገመድ_ሳቢ

ትርፍ አይደለም። ራውተሩን ከኢንቨርተሩ አውጥተሽ በእሱ ብታደርጊው 12 ቮልቱን ወደ 220 ከፍ አድርጎ መልሶ ወደ 12 ማውረድ ይቀራል። ባለ 8800 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚሉት 32 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ 10 ዋት ለሚወስድ ራውተር ኪሳራው ተቀንሶ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ከመሰካትሽ በፊት ግን የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠሽ አንብቢ። 12 ቮልት 1 አምፒር ወይም 1.5 ካለ የዩፒኤሱን 12 ቮልት ቀዳዳ ተጠቀሚ። 9 ቮልት ካለ 9ኙን። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ ሶኬታቸውም አንድ ነው፤ 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር 12 ሲገባበት ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፣ እየጋለ ሰንብቶ ነው የሚሞተው። የማትጠቀሚበትን ቀዳዳ በቴፕ ድፈኚው።